ጓንዡ ሄዳችሁ በእንዶሚ አትክረሙ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ቻይና ጉዞ ናቸው። ስለ ጉምሩክና ስለ ዕቃ ማጓጓዣ የጠየቃችሁ ትንሽ ታገሱኝ። ዛሬ የሆድ ነገር ነው። ከጓንዡ ልብስና ጫማ እያመጣሁ እዚህ ደሴ፣ ሙጋድ ላይ ስሸጥ ስለኖርኩ፣ የምመልስላችሁ ከቀመስኩት ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሰላምታችን ባሉበት ይድረስዎ። እኔና ጓደኛዬ ኮምቦልቻ ላይ የልብስ ሱቅ አለን። እስካሁን ከመርካቶ ነበር የምናወርደው። አሁን ራሳችን ጓንዡ ልንሄድ ቲኬት ቆርጠናል። አሥር ቀን እንቆያለን። ያሳሰበን ምግቡ ነው። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እሱ ኦርቶዶክስ ነው፤ ጉዟችን ደግሞ ሁዳዴ ላይ ዋለ። ሄደው የመጡ ሰዎች «አሳማ ያልነካው ነገር የለም፣ ብስኩትና እንዶሚ ጭናችሁ ሂዱ» አሉን። እውነት ነው? ለምግብስ በቀን ስንት እንያዝ?
ሁለቱ ሸሪኮች፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ልጆቼ፣ መንገዳችሁ የቀና ይሁን። ብስኩቱን ግን ተዉት።

ይህን ምክር ስሰማ ይገርመኛል። ሰው ስንት አገር አቋርጦ ይሄድና ሆቴል ክፍል ውስጥ እንዶሚ እያፈላ ይከርማል። ጠዋት ባዶ ሆዱን ባይማ ገበያ ይገባል። ባይማ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው ትልቁ የልብስ ጅምላ ገበያ ነው። ቀትር ላይ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ «በቃ በዚሁ ዋጋ ስጪኝ» ይላል። በምግብ ያተረፋትን ሃያ ዩዋን በአንድ ደርዘን ሱሪ ላይ አሥር እጥፍ ይከፍላታል። ምግብ ላይ መቆጠብ ይቻላል፤ ባለመብላት ግን አይደለም።

ለአንድ ሰው በቀን ከ70 እስከ 90 ዩዋን ያዙ። አንድ ዶላር ወደ 7 ዩዋን ስለሆነ ከ10 እስከ 13 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። በዚህ ሦስቴ ትበላላችሁ፣ ውሃና ፍራፍሬም ይገባበታል። ሺያዎቤይ በሚባለው ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤት ታገኛላችሁ። ሂዱ፣ አንድ ቀን ናፍቆታችሁን ተወጡ። በየቀኑ ከሄዳችሁ ግን ይህን ሒሳብ እርሱት፤ እዚያ አገር እንጀራ የቅንጦት ምግብ ነው።

መጀመሪያ ለሙስሊሙ ልጅ። ያንተ ነገር ቀላል ነው። ከተማው ውስጥ «ላንዡ ላሚየን» የሚባሉ ትንንሽ የኑድል ቤቶች በየመንገዱ አሉ። ላንዡ ሰሜን ምዕራብ ቻይና ያለች ከተማ ናት። በደቡብ ቻይና ቤቶቹን የሚያሠሩት ግን አብዛኞቹ ከቺንግሃይ ክፍለ ሀገር፣ ሁዋሎንግ ከሚባል ወረዳ የመጡ ሙስሊሞች ናቸው። ባልየው ነጭ ቆብ አድርጎ፣ ሚስትየዋ ሻሽ አስራ፣ ልጅየው የቤት ሥራውን አንዱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ታገኛቸዋለህ። ታፔላው ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነው። በዓረብኛ የተጻፈ ባታይ አትደናገጥ። በቅርብ ዓመታት በብዙ ከተሞች የዓረብኛው ጽሑፍ ከታፔላ ላይ እንዲነሳ ተደርጓል። «ቺንግጀን?» ብለህ ጠይቅ። ሐላል ነው ወይ ማለትህ ነው።

ስታዝ ቁመህ እየው፣ ደስ ይላል። ልጁ ክንድ የሚያህል ሊጥ ያነሳል። ሁለቱን ጫፍ ይዞ ይስበዋል፣ ያጥፈዋል፣ ደግሞ ይስበዋል። በየመሀሉ ጠረጴዛው ላይ ጧ ያደርገዋል፣ ዱቄቱ ይቦናል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያለ ይሄዳል፤ ሰባት ጊዜ ሲያጥፈው 128 ክር ወጣው ማለት ነው። ቀጭን ነው ሰፊ የምትፈልገው ብሎ ይጠይቅሃል፣ በጣትህ አሳየው። የፈላ ውሃ ውስጥ ይወረውረዋል፣ ወዲያው ያወጣዋል። የበሬ አጥንት መረቅ ይገለበጥበታል። ከዚያ በስሱ የተቆረጠ ሥጋ፣ ነጭ ፍጅል፣ የድንብላል ቅጠልና ከላይ ቀይ የበርበሬ ዘይት።

ዋጋው ከ15 እስከ 20 ዩዋን ነው። ሥጋው ለዓይን ያህል ናት፣ አልዋሽህም። ሥጋ ጨምሩልኝ ካልክ ያስከፍላል። ኮምጣጤና በርበሬው ጠረጴዛው ላይ በነፃ ነው። የወሎ ልጅ ነኝ ብለህ በርበሬውን አትገልብጠው፣ መጀመሪያ ቅመሰው። ኑድሉ ከሰለቸህ ሩዝ በዶሮና በድንች፣ ሩዝ በበሬ ሥጋ አለ። ግድግዳው ላይ ፎቶው ከነዋጋው ተለጥፏል። ሦስት አራት ከሆናችሁ «ዳፓንጂ» እዘዙ። ሰፊ ሳህን ሙሉ ዶሮ፣ ድንችና ቃሪያ ያለው ነው፤ ተካፍላችሁ ስትከፍሉት ይረክሳል። ከአንድ ማዕድ ለለመደ ሰው ደግሞ እንዲህ መብላቱ ራሱ ያጠግባል።

ዓርብ ሲያንሺያን መስጊድ ስገድ። ከባቡር ጣቢያው ሩቅ ስላልሆነ ከባይማ ስትወጣ ይመችሃል። ግቢው ውስጥ የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረባ የሰዓድ ኢብን አቢ ወቃስ ነው የሚባል መቃብር አለ፤ የአገሩ ሙስሊሞች ትውፊት እንደዚያ ነው። እኔ በምመላለስበት ጊዜ ከጁምዓ በኋላ ደጁ ላይ ከሙን የተነሰነሰበት የበግ ጥብስና በምድጃ የተጋገረ ክብ ዳቦ ይሸጥ ነበር። ዳቦውን ለማታም ያዝ፣ አይበላሽም።

አሁን ወደ ጾመኛው። የዚያ አገር ምግብ ወተትና ቅቤ ብዙም አያውቅም፤ ይህ ላንተ ግማሽ መንገድ ነው። ተንኮሉ ያለው ሌላው ግማሽ ላይ ነው። አትክልት ብለህ ያዘዝከው ጎመን በአሳማ ስብ ተጠብሶ፣ ወይ ከባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ነገር የሚሠራ ጥቁር ሶስ ፈስሶበት ሊመጣ ይችላል። «ማፖ ዶፉ» የሚሉት የቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ነገር) ምግብ ውስጥ የተፈጨ ሥጋ አለ። የተጠበሰው ፎሶሊያም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ነው። ሥጋ አለው ወይ ብትል የለውም ሊሉህ ይችላሉ። ለብዙ አብሳይ ያቺ የተፈጨች ነገር ማጣፈጫ ናት እንጂ ሥጋ አትባልም።

ከዚህ ጣጣ የሚገላግሉህ ቡድሂስቶቹ ናቸው። በቤተ መቅደሶቻቸው ዙሪያ ሥጋና ዓሣ የማይገባባቸው ምግብ ቤቶች አሉ። ቤይጂንግ ከሚባለው የገበያ ጎዳና አጠገብ ያለው የዳፎ ቤተ መቅደስ የራሱ የአትክልት ምግብ ቤት አለው። በጨረቃ አቆጣጠራቸው ወር በገባ በ1 እና በ15 ብዙ ሰው ስለሚጾም በእነዚያ ቀናት ሰልፍ አለ፣ ቀደም ብለህ ድረስ። እንቁላልና ወተት አንዳንዱ ቤት ስለሚያስገባ እሱን ለይተህ ጠይቅ። እንጉዳዩ፣ ቶፉው፣ ከታጠበ የስንዴ ሊጥ የሚሠራው «ሥጋ መሳይ» ያጠግባል። ጣዕሙ ግን ለእኛ አፍ ዝም ያለ ነው። ጥብቅ የሆኑት ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይነኩማ። ሚጥሚጣ በትንሽ ብልቃጥ ያዝ።

ለሁለታችሁም የሚሆን ሰፈር ከፈለጋችሁ በሜትሮ 1ኛው መስመር ሲመንኮው ላይ ውረዱ። ሁዋይሸንግ መስጊድ እዚያው ነው፤ 36 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው አሮጌ ሚናራ አለው። ከእሱ በእግር ሄዳችሁ የምትደርሱባቸው የሊዩሮንግና የጓንግሺያዎ ቤተ መቅደሶች አሉ። የእኔ ሸሪክ ጾመኛ ነበረች። እዚያ ሰፈር ስንደርስ የት እንብላ የሚል ጭቅጭቅ አልነበረንም። እኔም ብዙ ቀን ከእሷ ጋር የጾሙን በልቻለሁ፤ ሥጋ የሚባል ከሌለበት ቤት ማን ይከሰኛል?

ላሚየን ቤት አብራችሁ ብትገቡም ጾመኛው ጦሙን አይወጣም። በክር በክር የተከተፈ ድንች በቃሪያና በኮምጣጤ ጠብሰው ከሩዝ ጋር ያቀርባሉ። የእኛን ድንች አልጫ አትጠብቅ። ድንቹ ጥርስ ላይ ኮሽ ይላል፤ መጀመሪያ ያልበሰለ ይመስልሃል፣ በሁለተኛው ቀን ትለምደዋለህ። ርካሽ ነው፣ የአሳማ ስብም አያሳስብህም።

ቁርስ ላይ ገንዘብ አታጥፉ። ሆቴሉ ቁርስ ለብቻ ካስከፈለ እምቢ በሉና ውጡ። በየጥጉ የእንፋሎት ዳቦ ይሸጣል። ባዶው «ማንቶው» ይባላል፣ አንዱ ከ1 እስከ 2 ዩዋን ነው፤ ከትኩስ የአኩሪ አተር ወተት ጋር ለሁለታችሁም ይሆናል። ውስጡ የተሞላውን «ባዎዚ» ግን ተጠንቀቁ። ሥጋ ነው ካሏችሁና የምን እንደሆነ ካልነገሯችሁ አሳማ ነው።

ጾመኛው «ቻንግፈን» ይሞክር። የጓንዡ ሰው ቁርስ ነው። ሴትዮዋ በውሃ የተፈጨውን ሩዝ በጭልፋ ቀድታ ብረት ትሪ ላይ ታፈሳለች። ትሪውን እንደ ቁም ሳጥን መሳቢያ እንፋሎቱ ውስጥ ትከተዋለች። አንድ ደቂቃ ቢሆነው ነው። ስታወጣው ስስ፣ ነጭ፣ የሚያንሸራትት ነገር ሆኗል። በመፋቂያ ጠቅልላ ትቆራርጠውና ጣፈጥ ያለ የአኩሪ አተር ሶስ ታፈስበታለች። ምንም ያልገባበትን ባዶውን እዘዝ። ሙስሊሙ ግን ይቅርብህ፤ በዚያው ትሪ ላይ የአሳማውም ይሠራል።

አንድ ነገር እንዳትረሱ። ሆቴል እንደገባችሁ እንግዳ ተቀባዩን በቻይንኛ ወረቀት አስጽፉት። በአንዱ ወረቀት «አሳማ፣ የአሳማ ስብ፣ የአሳማ መረቅ አልበላም»። በሌላው «ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የባሕር ሶስ አልበላም»። ከኪሳችሁ አይለይ። የስልክ ትርጉም ጥሩ ነው፣ ግን ጉግል እዚያ ስለማይሠራ የሚሠራውን ከዚሁ ጭናችሁ ሂዱ።

ሰዓቱም ያታልላችኋል። ጓንዡ ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል። እነሱ ቀን 6 ሰዓት ላይ ምሳ ሲበሉ የእናንተ ሆድ ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው፤ ምንም አያሰኛችሁም። በኋላ ሲርባችሁ ደግሞ ብዙ ወጥ ቤት ከ8 እስከ 11 ሰዓት ዝግ ነው። ያኔ ነው ሰው በርገር ቤት ገብቶ የቀን በጀቱን የሚጨርሰው። ባያሰኛችሁም በእነሱ ሰዓት ብሉ። ካለፋችሁ ላሚየን ቤቱ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው።

ክፍያው ሁሉ በስልክ ነው፣ አሊፔይ ወይ ዊቻት። ጥሬ ገንዘብ አልቀበልም ማለት በሕግ ክልክል ነው፤ ዳቦ ሻጯ ግን ለመቶ ዩዋን መልስ ላይኖራት ይችላል። አሥርና ሃያ ኖት በርከት አድርጋችሁ ያዙ። ምግብ ላይ አትከራከሩ፣ የተጻፈው ነው። ጉርሻም አይሰጥም። የቧንቧ ውሃ ሳይፈላ አትጠጡ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እኔ ውጭ ምግብ አይስማማኝም። ቋንጣ፣ የተነጠረ ቅቤና በሶ ይዤ ብሄድ ይይዙኛል?
ከባቲ

መልስ፦ ቋንጣውንና ቅቤውን ይወስዱብዎታል። ቻይና መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዳይገባ ትከለክላለች። ትኩስ ፍራፍሬ፣ አትክልትና የዘር እህልም እንደዚሁ። በሶውን ይያዙ። ሆቴሉ ውስጥ የውሃ ማፍያ አለ፤ ኤርፖርትና ባቡር ጣቢያም የፈላ ውሃ በነፃ ይቀዳል። እኔ ቡናዬንም ቆልቼ አስፈጭቼ ነበር የምሄደው። ቅቤ የሌለው በሶ ግን ለአንድ ሁለት ቀን እንጂ ለሳምንት አይሆንም፤ የላይኛውን መልስ ያንብቡት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ባለፈው ጓንዡ ሄጄ አንድ ምግብ ቤት ያላዘዝኩትን ሻይ ሒሳብ ላይ ደመሩብኝ። ለሶፍትም አስከፈሉኝ። ሐበሻ ነች ብለው ይሆን ያጭበረበሩኝ?
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

መልስ፦ የለም እህቴ። እዚያ ከተማ ጠረጴዛ ይዘሽ ከተቀመጥሽ የሻይ የሚባል ሒሳብ በየሰው ይታሰባል። ብዙ ቦታ ጥቂት ዩዋን ነው፣ ደህና ቤት ከሆነ ከፍ ይላል። አገሬውም ይከፍላል። የታሸገ ሶፍትም በሒሳብ ነው፤ ካልከፈትሽው ይመልሱታል። እኔ ሶፍት ከቤቴ ነበር የምይዘው። አንድ ጊዜ ከከፈልሽ በኋላ ግን በሻዩ ተጠቀሚበት። ክዳኑን ገለጥ አድርገሽ ጀበናው ላይ አስቀምጪው፣ መጥተው ይሞሉልሻል። የመጀመሪያውን ውሃ ሲደፉት አይተሽ ከሆነ ሲኒና ሳህኑን ማለቅለቂያ ነው። ሲቀዱልሽ በሁለት ጣት ጠረጴዛውን ነካ ነካ ብታደርጊ ምስጋና ነው። ይህን ካደረግሽ አስተናጋጇ ትስቅልሻለች፣ ደህና ቦታም ትሰጥሻለች። ብቻሽን ሆነሽ ቸኩለሽ ከሆነ ግን ሻይ ቤት ምን አስገባሽ? የሻይ ሒሳብ የሌለው ኑድል ቤት ሞልቷል።

ጥያቄ፦ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ጓንዡ ልሄድ ነው። ድስትና ምጣድ ልያዝ?
ከወልዲያ

መልስ፦ ተው፣ ሻንጣህን ለብርድ ልብስህ እንኳ አታጨናንቅ፤ ጓንዡ ሞቃት ነው። የዩኒቨርሲቲ ካፌ ከከተማው ሁሉ ርካሹ ነው። ትሪ ይዘህ የምትፈልገውን ትጠቁማለህ፣ በካርድህ ይቆረጣል። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ለሙስሊም ተማሪ የተለየ ካፌ አለው፤ ሥጋው ስለሚጣፍጥ ሌላውም ተማሪ እዚያ ይሰለፋል። ዶርም ውስጥ ምግብ ማብሰል ብዙ ቦታ ክልክል ነውና ምጣዱ ተይዞ ይቀርብሃል። በርበሬ ብቻ ያዝ።

ጥያቄ፦ እኛ ዓሣ ወዳጆች ነን። ጓንዡ ስንሄድ ዓሣ በርካሽ እናገኛለን? ሰዎች ውድ ነው ይሉናል።
ባልና ሚስት፣ ከሐይቅ

መልስ፦ ውድም ርካሽም አለ። በመስታወት ገንዳ ውስጥ በሕይወት እየዋኘ የምታዩት ትልቁ የባሕር ዓሣ ለእንግዳ ግብዣ ነው፣ አትጠጉት። ግን እናንተ ሐይቅ ላይ የምትበሉት ቆረሶ ጓንዡ ባለበት በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር በብዛት ይረባል፤ ከርካሾቹ አንዱ ነው። «ሉዎፌይ» በሉ። በእንፋሎት አብስለው ዝንጅብልና የሽንኩርት ቅጠል ይነሰንሱበታል፣ የጋለ ዘይትና የአኩሪ አተር ሶስ ያፈሱበታል። ጠብሱልኝ ብላችሁ አታስቸግሩ፤ እንፋሎቱን ቅመሱት፣ እኔ ከጥብሱ አስበልጠዋለሁ። ከነጭንቅላቱ ነው የሚመጣው፤ እሱ እናንተን አያስደነግጥም።

ሒሳቡ ላይ ግን ንቁ። ገንዳው ላይ፣ ፍራፍሬ መደብርም ላይ የተጻፈው ዋጋ የኪሎ አይደለም፤ የ«ጂን» ነው። አንድ ጂን ግማሽ ኪሎ ነው። 15 የተባለው ዓሣ ኪሎው 30 ዩዋን መሆኑ ነው። ዓሣው ፊታችሁ ይመዘን፤ ጠቅላላ ዋጋውን በካልኩሌተር አሳዩኝ በሉና ከተስማማችሁ ብቻ ወደ ወጥ ቤት ይለፍ።